ለቆዩ ፓወር ማኪንቶሾች የትኛው ቡትሎደር ይሻላል? ቡትኤክስ፣ ክዊክ፣ ያቡት እና ግረብ ሲነጻጸሩ

በፒሲ ላይ ሊኑክስ የጫነ ሰው ስለ ቡትሎደር የሚያስብበት አጋጣሚ እምብዛም አይደለም። መጫኛው ግረብን በራሱ ቦታ ቦታውን አስይዞ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ የምርጫው ዝርዝር ይመጣል፤ የቀረው የከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሥራ ይሆናል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2006 በፓወርፒሲ ፕሮሰሰር እየሠራ በሸጣቸው ማኪንቶሾች ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። እነዚህ ማሽኖች ባዮስ (ፒሲን መጀመሪያ የሚያስነሣው አብሮገነብ ፕሮግራም) የላቸውም፤ የዲስካቸው አከፋፈል የፒሲውን አይመስልም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለት ዓመት ልዩነት የተሠሩ ሁለት ማሽኖች ፈጽሞ በተለያየ መንገድ ሊነሡ ይችላሉ። ሰዎች የሊኑክስን ጭነት እስከ መጨረሻው በሰላም ጨርሰው ማሽኑን ዳግም ሲያስነሡ፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሥዕል ብልጭ ድርግም እያለ የሚጠብቃቸውም በዚህ ምክንያት ነው። የተጫነው ሥርዓት ደኅና ነው፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ግን አልተዘረጋም።

ቡትሎደር ስንል ከርነሉን ከዲስክ አንሥቶ ወደ ሜሞሪ የሚያስገባውንና ሥራውን ለከርነሉ አስረክቦ የሚወጣውን ትንሽ ፕሮግራም ማለታችን ነው። ለፓወርፒሲ ማኮች የሚሆኑ አራት ዋና ዋና ቡትሎደሮች አሉ፤ ስለ አንዱ ከሌላው መሻል በየቦታው የሚሰጠው ምክር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ይኸውም የመጀመሪያው መራጭ ባለቤቱ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር (በቺፕ ውስጥ ተቀርጾ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) መሆኑን ነው። ባለቤቱ የሚመርጠው ፈርምዌሩ በተወለት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ፈርምዌሩን ሳያውቁ ቡትሎደር መለዋወጥ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከማሽኑ እንጀምራለን።

ማሽኑ የየትኛው ትውልድ ነው?

ከአነሣሣቸው አንጻር እነዚህን ማሽኖች በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1994 የወጡት ፓወር ማኪንቶሽ 6100፣ 7100 እና 8100 ናቸው። የማስፋፊያ ካርዶቻቸው የሚሰኩት ኑባስ በሚባለው መስመር ነው፤ ኦፕን ፈርምዌር የሚባለው የፈርምዌር ዓይነት ጨርሶ የላቸውም። ከአራቱ ቡትሎደሮች አንዱም በእነርሱ ላይ አይሠራም። አፕል ራሱ የደገፈውና በማክ ማይክሮከርነል ላይ የተገነባው ኤምኬሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው በእነዚህ ማሽኖች ላይ እንዲሠራ ነበር፤ (ይህ ማክ የኮምፒውተሩ ስም አይደለም፤ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የከርነል ስም ነው።) ዛሬ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ሊኑክስን ትቶ የድሮውን ማክ ኦኤስ ቢያስኬድበት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ትውልድ «ኦልድ ወርልድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ፓወር ማኪንቶሽ 9500 ይጀምርና 7200፣ 7500፣ 8500፣ 8600 እና 9600ን አካትቶ በኅዳር 1997 እስከወጣው የቤዥ ቀለም ፓወር ማክ ጂ3 እና በ1998 እስከወጣው ዎልስትሪት የተባለ ፓወርቡክ ይደርሳል። እነዚህ ኦፕን ፈርምዌር አላቸው፤ ይሁን እንጂ አፕል የተጠቀመበት ለስሙ ያህል ነው። የማክ ኦኤስ እምብርት የሆነው ቱልቦክስ 4 ሜጋባይት በሚይዝ የሮም ቺፕ ውስጥ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ኦፕን ፈርምዌሩ የተሰኩትን ዕቃዎች ከቆጠረ በኋላ ሥራውን በቀጥታ ለዚያ ሮም ያስረክባል። ማክ ኦኤስን ብቻ ለሚጠቀም ሰው ፈርምዌሩ ስሕተት ቢኖርበትም ባይኖርበትም ለውጥ ስላልነበረው፣ ስሕተቶቹ ሳይታረሙ ቀሩ። የሊኑክስ ሰዎች መከራ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ትውልድ «ኒው ወርልድ» ሲሆን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 በገበያ ላይ በዋለው የመጀመሪያው አይማክ ይጀምራል። በዚህ ትውልድ ቱልቦክስ ከቺፕ ወጥቶ በዲስክ ላይ የሚቀመጥ ተራ ፋይል ሆነ። ኦፕን ፈርምዌሩ ዲስኩን አንብቦ ያንን ፋይል ፈልጎ ማግኘትና ወደ ሜሞሪ መጫን ግድ ስለሆነበት፣ አፕል ፈርምዌሩን በትክክል መሥራት ነበረበት። ለቡትሎደር ጸሐፊዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በማክ ኦኤስ ፋይል ቦታ የራስን ፋይል ማስቀመጥ ብቻ በቂ ሆነ።

ለመለየት ቀላሉ ምልክት ዩኤስቢ ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በማዘርቦርዱ ላይ ዩኤስቢ ካለው ኒው ወርልድ ነው። ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። በካርድ የተጨመረ ዩኤስቢ አይቆጠርም። እንዲሁም 9600 ላይ የጂ4 ፕሮሰሰር ቢሰካበት ማሽኑ ይፈጥናል እንጂ ትውልዱ አይለወጥም፤ ኦልድ ወርልድ እንደሆነ ይቀራል። በማሽኑ ላይ ሊኑክስን ከሲዲ ማስነሣት ከተቻለ ደግሞ ከርነሉ የፕሮሰሰሩን መረጃ በሚያሳይበት ፋይል ውስጥ የማሽኑን ትውልድ በግልጽ ጽፎት ይገኛል።

በኦልድ ወርልድ ላይ፦ ቡትኤክስ ወይስ ክዊክ?

ኦፕን ፈርምዌር መነሻው ሳን ማይክሮሲስተምስ ለራሱ ማሽኖች የሠራው ኦፕንቡት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አይትሪፕልኢ 1275 በሚል ቁጥር መስፈርት ሆኗል። ትእዛዝ የሚሰጠው ፎርዝ በሚባለው ቋንቋ ነው። በማክ ላይ ወደ እርሱ ለመግባት ማሽኑ ሲበራ ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ኦ እና ኤፍ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ታዲያ 1.0.5 የሚባለውን ቅጂ በያዙት የመጀመሪያዎቹ ኦልድ ወርልድ ማሽኖች ላይ ይህን ያደረገ ሰው ስክሪኑ ባዶ እንደሆነ ይቀርበትና ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ይህ ቅጂ ንግግሩን የሚያደርገው በስክሪንና በኪቦርድ ሳይሆን በሞደም መሰኪያው በኩል፣ በሴኮንድ 38400 ቢት ፍጥነት ነው። ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በሲሪያል ገመድ አገናኝቶ መልእክቱን እዚያ ማንበብ፣ ወይም አስቀድሞ ከማክ ኦኤስ ውስጥ ቅንብሩን ወደ ስክሪን መመለስ ያስፈልጋል።

ቡትኤክስ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያልፈው በቀላል ብልሃት ነው፤ ከፈርምዌሩ ጋር ጭራሽ አይነጋገርም። ቤንጃሚን ሄረንሽሚት የጻፈው ይህ ፕሮግራም በማክ ኦኤስ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮግራምና ኤክስቴንሽን (ማክ ኦኤስ ሲነሣ አብሮ የሚጫን ተጨማሪ) ሆኖ ይቀመጣል። ማክ ኦኤስ መነሣት ሲጀምር ኤክስቴንሽኑ አንድ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ማክ ኦኤስ ይቀጥል ወይስ ሊኑክስ ይነሣ ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ አስቀድሞ በተቀመጠለት ምርጫ ይሄዳል። ሊኑክስ ከተመረጠ በሲስተም ፎልደሩ ውስጥ ከተቀመጡት ከርነሎች አንዱን ወደ ሜሞሪ ይጭንና ማክ ኦኤስን ከሥሩ ነቅሎ ማሽኑን ለከርነሉ ያስረክባል።

የዚህ አሠራር ጥቅም የሚታየው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ስክሪኑን ማክ ኦኤስ አስቀድሞ ስለከፈተው ከርነሉ ዝግጁ ስክሪን ይረከባል። የጂ3 ወይም የጂ4 ማሻሻያ ፕሮሰሰር በተሰካባቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ጥቅም አለ። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች የኤል2 ካሽ (ፕሮሰሰሩን የሚያፈጥን ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) እንዲሠራ የሚያደርገው አብሯቸው የመጣው የማክ ኦኤስ ኤክስቴንሽን ነው፤ የድሮው ሮም ስለ ካሹ የሚያውቀው ነገር የለም። በቡትኤክስ በኩል የተነሣ ሊኑክስ ካሹን በርቶ ያገኘዋል። በክዊክ በኩል ሲነሣ ግን ካሹ እንደጠፋ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ፕሮሰሰሩን ለማሻሻል ያወጣው ገንዘብ የት እንደገባ ግራ ይገባዋል። ትክክለኛውን የካሽ ቅንብር ቁጥር አውቆ ለከርነሉ በእጅ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሥራው ግን የጀማሪ አይደለም።

ጉዳቶቹም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ማክ ኦኤስ ከእነ ፓርቲሽኑ (ከተከለለለት የዲስክ ክፍል ጋር) በዲስኩ ላይ መኖር አለበት። ሁለተኛውና በየጊዜው የሚያስቸግረው ደግሞ የከርነል ማደስ ጉዳይ ነው። አዲስ ከርነል በሊኑክስ በኩል ሲጫን ቡትኤክስ አያውቀውም፤ ባለቤቱ ፋይሉን ወደ ማክ ፓርቲሽኑ መገልበጥ ይኖርበታል። ይህን በራሱ የሚያደርግ አጭር ስክሪፕት ካልተዘጋጀ፣ አንድ ቀን አሮጌው ከርነል ከአዳዲሶቹ ሞጁሎች (ከርነሉ ሲያስፈልገው የሚጭናቸው ክፍሎች) ጋር ተጋጭቶ ኔትወርኩ ወይም ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ የማክ ፓርቲሽኑን ሊኑክስ ያለ ችግር ሊጽፍበት በሚችለው በድሮው ኤችኤፍኤስ (የማክ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎችን በዲስክ ላይ የማደራጃ ዘዴ) መፍጠርን እመክራለሁ። የዲስክ መቆጣጠሪያውንና የፋይል ሲስተሙን ድራይቨሮች በውስጡ የያዘ ከርነል ማዘጋጀት ደግሞ የራምዲስኩን (ከርነሉ ሲነሣ ድራይቨሮችን የሚያቀርብለት ጊዜያዊ ፋይል) ጣጣ ያስቀራል።

ክዊክ በተቃራኒው ማክ ኦኤስን አይፈልግም። የተጻፈው ለሳን ማሽኖች ከተሠራው ሲሎ ከተባለ ቡትሎደር ተወስዶ ሲሆን፣ አሠራሩም እንደ ጥንቱ የፒሲ ቡትሎደር እንደ ሊሎ ነው፤ በፓርቲሽኑ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያ ክፍል የሁለተኛውን ክፍል የዲስክ አድራሻ በቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የቅንብር ፋይሉንና ከርነሉን ኤክስት2 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ከተዘጋጀ ፓርቲሽን ያነባል። ስለዚህ የቡት ፓርቲሽኑ በኤክስት2 መሆን ይኖርበታል። ከርነሉ ሲታደስ ክዊክን እንደገና ማስኬድ አያስፈልግም፤ የሁለተኛው ክፍል ፋይል ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ግን የግድ ነው።

ክዊክን የሚያስጠላው እርሱ ራሱ ሳይሆን የሚደገፍበት ፈርምዌር ነው። ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ የሚገልጸው ቅንብር ኤንቪራም በሚባለው ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ የብዙዎቹ ኦልድ ወርልድ ማሽኖች ፈርምዌር ደግሞ ስሕተቱ በማረሚያ ኮድ ካልተደፈነ ከዲስክ ለመነሣት ያስቸግራል። ማረሚያውን ወደ ኤንቪራም የሚጽፈው አፕል ያወጣው ሲስተም ዲስክ የተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ እርሱ የሚሠራው በማክ ኦኤስ ውስጥ ነው። ማክ ኦኤስን ለመገላገል የመጣ ሰው መገላገያውን ለማግኘት ቢያንስ አንድ ጊዜ ማክ ኦኤስን ማስነሣት ሊኖርበት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ በባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች በማዘርቦርዳቸው ላይ 3.6 ቮልት የሆነ የኤኤ ባትሪ ድንጋይ ግማሽ የምታህል ሊቲየም ባትሪ አላቸው። ባትሪዋ ካለቀችና ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ ቅንብሩም ማረሚያውም አብረው ይጠፋሉ። ወደ ማክ ኦኤስ ለመመለስ ሲባል ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ፒ እና አርን ተጭኖ ፒራሙን (የማክ ኦኤስ ቅንብር የሚቀመጥበትን ሜሞሪ) ማጽዳትም ውጤቱ ይኸው ነው። በክዊክ የሚነሣ ማሽን ካለዎት አዲስ ባትሪ መግዛት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን፤ የጻፉትን ቅንብርም በወረቀት ላይ ገልብጠው በማሽኑ ሽፋን ውስጥ ይለጥፉት።

እንግዲህ የትኛው? ማክ ኦኤስ በደኅና የሚነሣበት ኦልድ ወርልድ ማሽን ላይ ቡትኤክስን እመርጣለሁ። ሊኑክስን በሌላ ሥርዓት ትከሻ ላይ ማስነሣት ለብዙዎች ያልተስተካከለ ነገር መስሎ ይታያቸዋል፤ እኔም እንዲህ ይሰማኝ ነበር። ነገር ግን ሲበላሽ በመዳፊት የሚጠገን ነገር፣ ሲበላሽ የሲሪያል ገመድ ከሚያስፈልገው ይሻላል። ክዊክ ቦታው ስክሪንም ኪቦርድም ሳይኖረው በአንድ ጥግ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ለሚሠራ ማሽን ነው፤ እዚያ ሲሪያል ገመዱም እንግዳ አይሆንም። ፈርምዌሩ 2.4 የሆነ ጂ3 ካለ ደግሞ ከ1.0.5 ይልቅ ለክዊክ የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

ሚቡት የተባለ አምስተኛም አለ፤ ከፍሎፒ ለማስነሣት የሚያገለግል ነው። የቡት ሴክተሩ የአፕል ኮድ ስላለበት ዴቢያንን የመሳሰሉ ስርጭቶች (ከነፕሮግራሞቻቸው ተዘጋጅተው የሚታደሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) በነጻነት ሊያድሉት አልቻሉም። ማሽኑ ውስጥ ምንም ሥርዓት ከሌለና ሲዲውም ካልሠራ ለመጀመሪያ ጭነት ይጠቅማል፤ ለዘወትር ግን አይታሰብም።

አንድ ማስጠንቀቂያ በዚሁ ላይ ልጨምር። 7200 እና የመጀመሪያው 7500 የያዙት ፓወርፒሲ 601 ፕሮሰሰር ነው፤ በቅርብ ዓመታት የወጡ ከርነሎች ደግሞ የዚህን ፕሮሰሰር ድጋፍ አስወግደዋል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ከርነሉ ገና ሲጀምር ቢቆም ቡትሎደሩን ለመለወጥ መሯሯጥ ጊዜ ማባከን ነው። የ7500 ፕሮሰሰር በካርድ ላይ ስለተሰካ በሌላ መተካት ይቻላል፤ የ7200ው ግን በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

በኒው ወርልድ ላይ፦ ያቡት ወይስ ግረብ?

እዚህ ምርጫው ይቀልላል፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነታቸው በማሽኑ ላይ ሳይሆን በስርጭቱ ዕድሜ ላይ ነው።

የኒው ወርልድ ፈርምዌር ሲነሣ በዲስኩ ፓርቲሽኖች ውስጥ የተለየ የፋይል ዓይነት መለያ ያለው፣ «የተባረከ» በሚባል ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ይፈልጋል። (ቃሉ የአፕል ነው፤ የቡት ፎልደርን ምልክት ማድረግ በእነርሱ ዘንድ መባረክ ይባላል።) ያቡት ይህን የሚጠቀምበት በአንዲት ትንሽ ፓርቲሽን ነው። 800 ኪሎባይት የምትበቃት፣ አፕል ቡትስትራፕ የሚል ዓይነት የተሰጣት ፓርቲሽን ትፈጠራለች፤ በውስጧ በፎርዝ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት፣ ያቡት ራሱና የቅንብሩ ፋይል ይቀመጣሉ። ስክሪፕቱ ለሊኑክስ፣ ለማክ ኦኤስ ወይም ለሲዲ አንድ ፊደል እንዲጫኑ ይጠይቃል፤ ሊኑክስ ሲመረጥ ያቡት ተነሥቶ ከርነሉን ከሊኑክሱ ፓርቲሽን ያነባል። ማክ ኦኤስ የዚህ ዓይነት ፓርቲሽንን አይቶ እንዳላየ ስለሚያልፈው፣ በላዩ ላይ ያለውን ቡራኬ አይነካም። ፓርቲሽኗን በሊኑክስ ላይ በዘወትር መስቀል (ከፋይሎቹ ዛፍ ጋር አገናኝቶ ለሥራ ክፍት ማድረግ) አይገባም፤ ዋይቢን የሚባለው መሣሪያ ለውጥ ሲኖር ብቻ ገብቶ ጽፎባት ይወጣል።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ከግረብ ጋር ሲነጻጸር የምር ትሆናለች። በፓወርፒሲ ማክ ላይ የሚጫነው ግረብም በኤችኤፍኤስ ፓርቲሽን ላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ፓርቲሽኑ ከያቡት ይልቅ ሰፋ ይላል፣ የግረብ ፋይሎች በሚቀመጡበት የቡት ፎልደር ሥር ዘወትር ተሰቅሎ ይቆያል። መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብ ማስታወሻ) የሌለው ኤችኤፍኤስ በአግባቡ እንዳልተዘጋ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከርነሉ የሚሰቅለው ለንባብ ብቻ ይሆናል። ማሽኑ ያን ቀን በደኅና ይነሣል። ችግሩ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ፣ ከርነል ሲታደስ ግረብ የምርጫ ዝርዝሩን መጻፍ አቅቶት ሲቆም ነው፤ በዚያን ጊዜ የመብራቱን መጥፋት ማን ያስታውሳል? መብራት በሚመላለስበት አካባቢ የሚኖር ሰው በተለይ ባትሪ በሌላቸው የጠረጴዛ ማሽኖች ላይ ፓርቲሽኑን ለጽሕፈት የሚሰቅለው ከርነል ሲያድስ ብቻ ቢሆን ይሻላል። የኤችኤፍኤስ መጠገኛ መሣሪያዎችንም አስቀድሞ ይጫን።

በሌላው ሁሉ ግን ጊዜው ለግረብ ያደላል። የያቡት ልማት ከቆመ ቆይቷል። ኤክስት2ና ኤክስት3ን በሚገባ ያነባል፤ በቅርብ ዓመታት የተጨመሩትን ባሕርያት ይዞ የተፈጠረ ኤክስት4 ግን ያሰናክለዋል፤ ስለዚህ ያቡትን የሚመርጥ ሰው ለከርነሎቹ የተለየ የኤክስት2 ፓርቲሽን ቢያዘጋጅ ከብዙ ጣጣ ይድናል። ግረብ ኤክስት4ንም፣ ኤክስኤፍኤስንም፣ ቢቲአርኤፍኤስንም (ሌሎች የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ናቸው)፣ ዲስክን የሚከፋፍለውን ኤልቪኤምንም በሞጁሎቹ ያነባል። የቅንብር ፋይሉን ራሱ አዘጋጅቶ አዲስ ከርነል ሲመጣ በዝርዝሩ ያስገባል፤ በያቡት ላይ ይህ የባለቤቱ ሥራ ነው። በተጨማሪም ግረብ በፒሲ ላይ ከሚታወቀው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ መነሣት ያቃተውን ከርነል መስመር እዚያው አርሞ መሞከር ለለመደ ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንም።

ስለ ስርጭቱ ዕድሜ ያልኩት ይህ ነው፦ ዴቢያን የ32 ቢት ፓወርፒሲን በይፋ ለመጨረሻ ጊዜ የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ዴቢያን 8 ሲሆን፣ መጫኛውም ያቡትን ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዴቢያን 9 ይህን ድጋፍ ትቶታል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በዴቢያን ፖርትስ ሥር በፈቃደኞች የቀጠለ ሲሆን፣ የእነርሱ መጫኛ ወደ ግረብ ተሻግሯል። ስለዚህ ዴቢያን 8ን ወይም የዚያን ዘመን ኡቡንቱ የሚጭን ሰው ከያቡት ጋር ይቆይ፤ የተሞከረውና የተፈተነው እርሱ ነው። አዲስ የሚጀምር ሰው ግረብን ይውሰድ። በደኅና የሚነሣን ያቡት አፍርሶ በግረብ መተካት ግን፣ ፋይል ሲስተሙን ለመለወጥ ካልሆነ በቀር፣ አይታየኝም።

ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የቡት ፓርቲሽኑ በዲስኩ ላይ ከማክ ኦኤስ ፓርቲሽኖች መቅደም አለበት። የአፕል የፓርቲሽን ካርታ ራሱን እንደ መጀመሪያ ፓርቲሽን ስለሚቆጥር፣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ቢሆን መልካም ነው። ኤንቪራም ተጠርጎ ቅንብሩ ሲጠፋ ፈርምዌሩ ከፊት ወደ ኋላ እየፈለገ የመጀመሪያውን ያነሣልና። ማክ ኦኤስ ኤክስ አብሮ ካለ ደግሞ በእርሱ ውስጥ የስታርትአፕ ዲስክን ቅንብር የነካ ሰው የሊኑክሱን መንገድ ይዘጋዋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ ይዞ ማሽኑን ማብራት የምርጫ ዝርዝር ያመጣል። ዲስኩን በመሳቢያ የሚቀበሉት የመጀመሪያዎቹ አይማኮች ግን ይህ ዝርዝር የላቸውም፤ ለእነርሱ ኦፕን ፈርምዌር ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

አልነሣም ሲል

የፒሲ ኪቦርድ የሰካ ሰው የዊንዶውስ ቁልፉን እንደ ኮማንድ፣ አልት የሚለውን እንደ ኦፕሽን ይጠቀም። ኦፕን ፈርምዌር ውስጥ ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የሚሞከረው ኤንቪራሙን ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሶ ማሽኑን ዳግም ማስነሣት ነው፤ ኒው ወርልድ ላይ ይህ ብቻውን ብዙ ችግር ይፈታል። ቡትሎደሩን በእጅ ጠርቶ ማስነሣትም ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአጻጻፉ ነው፤ ከዲስኩ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የፓርቲሽን ቁጥር፣ ከዚያ ኮማ ይመጣል፤ ፎልደሮችን የሚለየው ደግሞ ሊኑክስ የለመደው ወደ ፊት ያዘነበለ መስመር ሳይሆን ወደ ኋላ ያዘነበለው ነው። በፓወር ማክ ጂ5 ላይ ይህን ሲያደርጉ ቢቆዩ ማራገቢያዎቹ ቀስ በቀስ እየጨመሩ እንደ አውሮፕላን ይጮኻሉ። ማሽኑ አልጋለም፤ የሚቆጣጠራቸው ሥርዓት ስላልተነሣ ነው።

ሲዲ ማንበቢያው ከሞተ (በዚህ ዕድሜ ያልሞተ ብርቅ ነው) በኔትወርክ ማስነሣት አለ። የኒው ወርልድ ፈርምዌር ቡትፒና ቲኤፍቲፒ በሚባሉ የኔትወርክ ደንቦች አማካይነት ያቡትን ወይም ግረብን ከሌላ ኮምፒውተር መውሰድ ይችላል። አንድ ፒሲና አንድ የኔትወርክ ገመድ ይበቃሉ፤ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከአንድ በላይ ማሽን ላለው ሰው ግን ጊዜውን ይመልሳል።

ከፓወርፒሲ ማክ ውጭ ያሉት ባጭሩ

በሳን ስፓርክ ማሽኖች ላይ ያለው ምርጫ የያቡትና የግረብን ይመስላል፤ አሮጌው ሲሎ ነው፣ አዲሱ ግረብ ነው፤ የቅርቡ የዴቢያን ፖርትስ በግረብ ይሄዳል። ከባዱ ነገር የዲስኩ መጀመሪያ ነው። የሳን የዲስክ መለያ በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ላይ ይቀመጣል፤ የሲሎ የመጀመሪያ ክፍል በሚቀጥሉት 512 ላይ ይሰፍራል። የኤክስት ቤተሰብ ፋይል ሲስተሞች የመጀመሪያዎቹን 1024 ባይቶች ስለማይነኩ ሁሉም ተስማምቶ ይኖራል። ኤክስኤፍኤስ ግን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ስለሚጽፍ፣ ከዲስኩ መነሻ በሚጀምር ፓርቲሽን ላይ ከተፈጠረ መለያውን ደምስሶ ዲስኩን ባዶ ያስመስለዋል። አንዳንድ የቆዩ ሳን ፈርምዌሮች ከመጀመሪያው 1 ጊጋባይት ያለፈውን ማንበብ ስለማይችሉም የቡት ፓርቲሽኑ ትንሽና መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት። ባትሪያቸው ደግሞ በኤንቪራም ቺፑ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ሲያልቅ ማሽኑ የኔትወርክ አድራሻውን ጭምር ይረሳል።

ዴክ በተባለው ኩባንያ የአልፋ ማሽኖች ላይ መልሱ አጭር ነው። ማሽኑ ሁለት ዓይነት ፈርምዌር ሊኖረው ይችላል፤ ኤስአርኤም ለዩኒክስና ለኦፕንቪኤምኤስ የታሰበ ነው፣ አርክ ለዊንዶውስ ኤንቲ። ኤስአርኤምን መጫን የሚቻል ከሆነ እርሱን አቡት ከሚባለው ቡትሎደር ጋር ይውሰዱ፤ ዲስኩ የቢኤስዲ መለያ እንዲኖረው ማድረግን አይርሱ። አርክ ብቻ ላለው ማሽን ሚሎ የሚባል ቡትሎደር አለ፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ማዘርቦርድ ተለይቶ የተሠራውን ማግኘት ያሻል።

ከፓወርፒሲ በፊት የነበሩት በሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ የሚሠሩ ማኮች የቡትኤክስንና የክዊክን ክርክር በትንሹ ይደግሙታል። ፔንግዊን የሚባለው ቡትሎደር በማክ ኦኤስ ውስጥ ሆኖ ሊኑክስን ያስነሣል፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ እንዲጠፋና ባለ 32 ቢት አድራሻ እንዲበራ ይፈልጋል። ኤሚል የሚባለው ደግሞ ያለ ማክ ኦኤስ ከፍሎፒ ወይም ከዲስክ ይነሣል። እዚህም ማክ ኦኤሱ የሚሠራ ከሆነ ፔንግዊንን እወስዳለሁ። ከሁለቱ አንዱን ከመያዝ በፊት ግን ፕሮሰሰሩ የሜሞሪ ማኔጅመንት ክፍል እንዳለው ይጣራ፤ ኤልሲ በሚባሉት ርካሽ ሞዴሎች ውስጥ በብዛት የገባው 68ኤልሲ040 ይህ ክፍል አለው፣ የመጀመሪያው ኤልሲ የያዘው 68020 ግን የለውም፤ ስለዚህ ሊኑክስ በእርሱ ላይ አይነሣም።